መዝገቡ የማንን ስም ያስቀራል?

አንድ የፑንጃብ ተወላጅ የሥራ ባልደረባዬ በቅርቡ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ አቀረበልኝ። በቤተሰቡ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ወግ እንደሚለው፣ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ በእንግሊዝ ሠራዊት ሥር ሆነው ወደ «ሐበሽ አገር» ዘምተው ነበር። «በእናንተ ዘንድ ስማቸው የሰፈረበት መዝገብ ይኖር ይሆን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም።

ወጉ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) መቅደላን የያዘው የጄኔራል ናፒየር ጦር ቁጥሩ ወደ 13,000 ይጠጋ ነበር፤ ከዚህም የሚበዛው በሕንድ የተመለመለ ነው። በእሮጌ ሜዳ ከተሰለፉት መካከል 23ኛው የፑንጃብ ሬጅመንት ይገኝበታል።

ለመሆኑ የዚህ ሰው የልጅ ልጅ ምን ያገኛል? መልሱ የሚወሰነው በአያቱ ዘር ነው። የአውሮፓዊ ወታደር ዘር የሆነ ሰው ለንደን በሚገኘው የብሪቲሽ ላይብረሪ የሕንድ ቢሮ መዛግብትን ይከፍታል። በዚያም የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነጭ ወታደር ከየት አገር እንደመጣ፣ ሙያው ምን እንደነበረ፣ በየትኛው መርከብ እንደተሳፈረ ተጽፎ ያገኛል። ከቤንጋል፣ ከማድራስና ከቦምቤይ ወደ ለንደን ይላኩ የነበሩ የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር ቅጂዎችም አሉ። የሕንዳዊው ወታደር የግል ማኅደር ግን በየሬጅመንቱ ይያዝ ስለነበረ በአብዛኛው ለንደን አልደረሰም።

«ዘመኑ ነው፤ ጽሕፈት እንደዛሬው ቀላል አልነበረም» የሚሉ ይኖራሉ። ይህ ምክንያት ውኃ አይቋጥርም። ናፒየር ከሕንድ ያስመጣቸው ዝሆኖች 44 እንደነበሩ የታሪክ መጻሕፍት ይነግሩናል። በቅሎና ግመል እየነዱ ጦሩን የተከተሉት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ግን የቁጥር ግምት እንጂ ስም የላቸውም። ዝሆን የቆጠረ እጅ ሰውን ለመጻፍ አልሰነፈም፤ የማን ስም ለነገ እንደሚጠቅም አስቀድሞ ወስኖ ነበር እንጂ።

ይህ ውሳኔ ከሞትም በኋላ ቀጥሏል። የኮመንዌልዝ የጦር መካነ መቃብር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ግዛት ከወደቁት ውስጥ ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ ሰዎች በስማቸው ሳይታወሱ ወይም ጭራሽ ሳይታወሱ መቅረታቸውን አምኗል። አብዛኞቹ አፍሪካውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ተወላጆች ናቸው።

ሆኖም የጠፋ የሚመስል ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፑንጃብ አስተዳደር በየመንደሩ ያስመዘገባቸው የ320,000 ያህል ወታደሮች ዝርዝር በላሆር ቤተ መዘክር ውስጥ አንድ ምዕት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከፊሉ በኢንተርኔት ሲለቀቅ የብዙ ገበሬ ልጆች የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ስም አነበቡ። መዝገብ የሚሞተው በመቃጠል ብቻ አይደለም፤ ተቆልፎበትም ይሞታል።

እዚህ ላይ እኛንም የሚነካ ጉዳይ አለ። ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ወደ 350 የሚሆኑት የሚገኙት በዚያው በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። የተዘረፈው ቅርስና ዘራፊውን ጦር የላከው መንግሥት መዝገብ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ባልደረባዬ አያቱን፣ እኛ ደግሞ ቅርሳችንን ስንፈልግ አንኳኩተን የምንጠብቀው አንድ በር ነው።

ይሁን እንጂ ጣታችንን ወደ ለንደን ብቻ ቀስረን አንቀርም። እኛ ሰባት ቤት በቃል የምንቆጥር ሕዝብ ነን። ነገር ግን ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ ያልተመለሰ ልጅ ፎቶግራፍ በግድግዳ የተሰቀለበት፣ የት እንደወደቀ የሚናገር አንዲት ቁራጭ ወረቀት የሌለበት ቤት በአገራችን ስንት ነው? የቅኝ ገዥው መንግሥት የባዕዱን ወታደር ስም ቢንቅ አይደንቅም፤ የራስን ልጅ ስም አለማወቅ ግን በምን ይመካኛል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለንደንም ሆነ ዴልሂ፣ ላሆርም ሆነ አዲስ አበባ፣ የወታደር መዛግብት ያለ ክፍያ ለቤተሰብ ይከፈቱ። ሁለተኛ፣ ልጅን ወደ ጦርነት የሚልክ መንግሥት ሁሉ፣ ስሙን ጽፎ የመያዝና ዕጣውን ለወላጆቹ የመንገር ግዴታ በሕግ ይጣልበት። ዘማችን በስሙ የማያውቅ መንግሥት «ጀግናችን» ሊለው አይገባውም።

ለባልደረባዬ እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። ነገ ግን ልጆቻችን ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ሲመጡ እኛም እንደዚያው አፋችንን ይዘን እንዳንቀር እሰጋለሁ።

ቸር ይግጠመን።