«የምን ሥጋ ነው?»

ባለፈው ቅዳሜና እሑድ እዚህ መካነ ሰላም የሆነውን ልናካፍላችሁ ወደድን። ደስ ብሎን አይደለም። ዝም ብንል ሁለተኛ ውሸት ይሆንብናል ብለን ነው።

ቅዳሜ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ቴአትር ነበረው። ያዘጋጁት የክበቡ ተማሪዎች ናቸው፤ ታሪኩም አንድ አውሬ አዳኝ ከደንቆሮ ጫካ ድኩላ ገድሎ ሲወጣ በጥበቃ እንዴት እንደተያዘ ያሳያል። ደንቆሮ ከከተማችን ብዙም አይርቅም። በ2001 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ የተከለለ፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የምንለው ነው። ቀይ ቀበሮው፣ ጭላዳው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘው የምኒልክ ድኩላ አሉበት። ጥበቃውን ሆኖ የተጫወተው ከእኛ ጋር የሚያመልክ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነበር። የአባቱን ካፖርት ለብሶ፣ ጫፉ መሬት እየጠረገ፣ «ይህ የአንተ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኛም አጨበጨብን።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንድ ወንድማችን ቤት ምሳ ተጋበዝን። ወጡ ይጥም ነበር፤ እውነቱን እንናገር። የዱር ሥጋ ስብ ስለሌለው ቅቤ ካልጠጣ ይደርቃል። ይህኛው ግን ሽንኩርቱ በእርጋታ የበሰለለት፣ ቅቤውና ኮረሪማው ያልተሰሰተበት ነበር። ድኩላ መሆኑን ከመጀመሪያው ጉርሻ አወቅን። ማናችንም አልጠየቅንም። የጠየቀው ልጁ ነው።

«የምን ሥጋ ነው?» አለ።

ከመካከላችን አንዱ፣ «የፍየል ነው፤ ብላ» አለው። ሌሎቻችን አጎንብሰን ጎረስን።

ዘፍጥረት 27ን የምታውቁ ነገሩ ቀድሞ ገብቷችኋል። ርብቃ የፍየል ጠቦት አጣፍጣ ሠርታ የዱር ሥጋ አስመሰለችው። እኛ ገለበጥነው፤ የዱሩን ሥጋ ፍየል አልነው። ከዚህ ምዕራፍ ስለ ብኩርናና ስለ በረከት ብዙ ጊዜ ሰብከናል። በይስሐቅ ድንኳን ውስጥ የተሠራው ቴአትር መሆኑን ግን ልብ አላልነውም። ያዕቆብ የወንድሙን ልብስ ለበሰ፤ እጁና አንገቱ ላይ ቆዳ ተደረገለት፤ የሚያደርገውን ከእናቱ ተማረ። ተመልካቹ ዓይኑ የፈዘዘ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ እርሱም ቴአትር መሆኑን አያውቅም። እንዴት ቶሎ አገኘኸው ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ ያዕቆብ የእግዚአብሔርን ስም በመልሱ ውስጥ አስገባ። ከዓመታት በኋላ፣ በምዕራፍ 37፣ ልጆቹ የዮሴፍን ቀሚስ በፍየል ደም ነክረው አመጡለት። እርሱም ልጄን አውሬ በላው ብሎ አለቀሰ። በፍየል ያታለለው ሰው በፍየል ተታለለ።

በመካከላችን፣ ቴአትር ውሸት ስለሆነ የአማኝ ልጅ መድረክ ላይ መውጣት የለበትም የሚሉ አባቶች አሉ። እናከብራቸዋለን፤ በዚህ ግን አንስማማም። ጌታ በማቴዎስ 6 እና 23 «ግብዞች» ሲል የተጻፈው የግሪክ ቃል፣ ሂፖክሪቴስ፣ የመድረክ ተዋናይም መጠሪያ ነበር። የወቀሳቸው ግን ተዋንያንን አይደለም፤ ሰው እንዲያያቸው የሚጸልዩትንና የሚመጸውቱትን ነው። ካፖርት የለበሰው ልጅ ማንን አታለለ? የማን ልጅ እንደሆነ አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። እንዲያውም መድረክ አንዳንዴ ከምሳ ማዕድ ይልቅ እውነት ይናገራል። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የአውሬዎች ተረት ነበር፤ መኳንንቱ ግን ስለ እነርሱ መሆኑ ገባቸውና ታገደ። እነርሱስ ቢያንስ ራሳቸውን አይተዋል። እኛ ቅዳሜ ያንን አዳኝ ስናይ ሌላ ሰው መስሎን ነው ያጨበጨብነው።

«ፍየል ነው ማለት ይህን ያህል ምን አለው?» የሚል ይኖራል። በወሎ ብዙ አለው። እዚህ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሠርግ ይታደማል፤ ቢላዋው ግን ለየብቻ፣ ድስቱም ለየብቻ ነው። እንግዳው የሚጎርሰው «ይህ የእናንተ ነው» ሲባል ቃሉን አምኖ ነው። ማን ባረከው፣ የምን ሥጋ ነው ብሎ መጠየቅ እዚህ ነውር አይደለም፤ በመልሱ መዋሸት ግን ጉርብትናን ከሥሩ መንቀል ነው። እኛ ደግሞ በዚህ አካባቢ ጥቂቶች ነን፤ «ጴንጤዎቹ» ምን አደረጉ ተብሎ ይወራል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 ስለ ደካማው ወንድም ሕሊና ሥጋ መብላትን እንኳ ለመተው ዝግጁ ነበር። እኛ አንድ ምሳ እንዳይበላሽብን የልጅ ሕሊና ላይ ቆምን።

ረቡዕ ማታ ልጁ ቤት ሄደን በእናቱ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። ዝም ብሎ ሰማንና፣ «ፍየል እንዳልሆነማ ገብቶኝ ነበር። እናንተ ናችሁ ብዬ ነው የበላሁት» አለን። እናቱ ቡና ልታፈላ ተነሣች፤ እኛ የምንመልሰው አልነበረንም።

ወንድማችን ሥጋውን ከማን እንደገዛ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሊናገር ወስኗል። የሚቀጡት ይቀጡታል። ሰኞ ጠዋት አብረነው እንሄዳለን፤ የበላነው አብረን ነውና።