ገመዱን ንቀሉት!

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በንዴት መጻፍ ጥሩ አይደለም ብዬ አንድ ሳምንት ዝም አልኩ። አልበረደልኝም። ስለዚህ ልጻፈው።

የ11ኛ ክፍል ልጆችን የአይሲቲ የተግባር ፈተና እየፈተንን ነበር። ላቡ 40 ወንበር አለው። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ትንንሽ ሳጥኖች ማሳያ ብቻ ናቸው፤ ልጁ የሚያየው ዊንዶውስ የሚሠራው ጓዳ ባሉት ሁለት ሰርቨሮች ላይ ነው፤ 20 በአንዱ፣ 20 በሌላው። ቨርችዋል ዴስክቶፕ የሚሉት ነው። ልጁ ሲወጣ ዴስክቶፑ ይደመሰስና ለሚቀጥለው ልጅ ጎልደን ኢሜጅ ከሚባለው ዋና ቅጂ አዲስ ይሠራል። ለትምህርት ቤት ግሩም ነገር ነው፤ ልጅ ያበላሸውን ሴቲንግ ስታስተካክል አትውልም። ጠቤ ከእሱ ጋር አይደለም።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ላይ የአንዱ ሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ። 20 ስክሪን ባንዴ ጠቆረ። "ቲቸር፣ ጠፋብኝ!" የሚለው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ዴስክቶፑ ላይ ሴቭ ያደረጉት ልጆች ሥራ በዚያው ቀረ። እኔን ሰምተው የጋራ ፎልደር ውስጥ ያስቀመጡትስ? ፎልደሩ ያለው የወደቀው ሰርቨር ላይ ነበር! የታዘዘውም ያልታዘዘውም እኩል ባዶ እጁን ተቀመጠ።

ኃላፊዎቹ ምን አሉ? "ሀይ አቬይለቢሊቲ ገዝተናል እኮ!"

አዎ ገዝታችኋል። ርክክብ ላይ "አንዱ ቢወድቅስ?" ብዬ ጠይቄ ነበር። ኢንጂነሩ "ሲስተሙ ራሱ ያነሳዋል፣ አትጨነቅ" አለኝ። ከኋላ ደግሞ አንዱ "ዲፕሎማ ይዞ ኢንጂነር ያፋጥጣል" ሲል ሰምቻለሁ። እሺ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ ልደምር።

እያንዳንዱ ሰርቨር 96 ጊጋ ሚሞሪ አለው። ለአንድ ዴስክቶፕ 4 ጊጋ ተይዞለታል። 20 ሲባዛ በ4፣ 80። የቀረችው 16 ለራሱ ለሰርቨሩና ለሌሎች አገልግሎቶች ነች። ታዲያ አንዱ ሲወድቅ የእሱ 20 ዴስክቶፖች የት ይግቡ? ሁለት ሰው በሞላበት አልጋ ላይ ሌላ ሁለት ሰው አይተኛም! ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፣ የ4ኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል።

የባሰው ደግሞ ይህ ነው። ሲስተሙ "ለክፉ ቀን ቦታ አስቀር" የሚል መቆጣጠሪያ አለው። እሱ በርቶ ቢሆን ከግማሽ ብዙም ሳያልፍ "ከዚህ በላይ አላስነሳም" ይል ነበር። በኋላ ሴቲንጉን ከፍቼ ሳይ ጠፍቷል። ለምን? ርክክብ ላይ 40ውም ስክሪን በርቶ ፎቶ እንዲነሳ ነዋ!

ቦታ ቢኖር እንኳ ሀይ አቬይለቢሊቲ የወደቀውን ሌላ ሰርቨር ላይ ያስነሳል እንጂ ካቆመበት አያስቀጥልም። ሚሞሪ ላይ የነበረው ሄዷል። በሚደመሰስ ዴስክቶፕ ላይማ ልጁ የሚያገኘው አዲስ ባዶ ዊንዶውስ ነው። ታዲያ እሱን ለማስነሳት ለምን ደቂቃ ይባክናል? ሌላው ሰርቨር ላይ ቀድመው የተነሱ ትርፍ ዴስክቶፖች ካሉ ልጁ እንደገና ሎግኢን ሲያደርግ አንዱን ያገኛል፣ አለቀ። ዴስክቶፑ ይሙት! መትረፍ ያለባቸው የልጁ ፋይል፣ ዋናው ኢሜጅ፣ ልጆቹን ወደ ዴስክቶፕ የሚያከፋፍለው ብሮከርና ሎግኢኑን የሚያረጋግጠው ሰርቨር ናቸው። እነዚህ በሁለቱም በኩል ይኑሩ። (ሁለቱም ሰርቨር አንድ ዩፒኤስ ላይ መሰካታቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ይሻላል።)

"በጀት የለም" የሚል ይኖራል። ለላይሰንሱ የወጣው ሚሞሪ ይገዛ ነበር። እንደ ፕሮክስሞክስ ያለ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሲስተምም አለ፤ ሁለቱ ሰርቨሮች ሲጠፋፉ የቱ እንደሞተ የሚወስን ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል እንጂ፣ ለዚያም አንድ አሮጌ ፒሲ ይበቃል። እሱም ካልተቻለ 20 ልጅ ብቻ እናስገባና በሁለት ፈረቃ እንፈትን። ያሳፍራል? 20 ልጅ ማስለቀስ አይብስም?

ነገሩን የማጋንነው የሚመስላችሁ፣ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሉ ተፈታኝ በኦንላይን እንደተሰጠ አስታውሱ። እንዲህ ያለው ፈተና ወደኛም ላብ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ "ድጋሚ ትፈተናላችሁ" ብዬ የማባብለው ልጅ የለም።

ስለዚህ ላብ የምትረከቡ ሁሉ፣ ሰነድ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ልጆች ሙሉ ተቀምጠው ሳለ የአንዱን ሰርቨር ገመድ ንቀሉት። ኢንጂነሩ ፊቱ ከተለወጠ አትፈርሙ።

እኔ ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ እነቅለዋለሁ። ፓወር ሰፕላዩ ተተክቷል፣ የልጆቹን ፎልደር በሁለቱም ላይ ቅጂ አድርጌያለሁ፣ ዴስክቶፖቹንም ወደ 24 አውርጃለሁ፤ 12 እዚህ፣ 12 እዚያ። ስድስት የሚሆኑ ልጆች ሊያግዙኝ ይመጣሉ። ርዕሰ መምህሩንም ጠርቻለሁ። እናንተ አይቲ ውስጥ የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ መሥሪያ ቤታችሁ የተጣለ የሰርቨር ሚሞሪ ካለ፣ ዲዲአር 4 ኢሲሲ ነው የምፈልገው፣ በኢንቦክስ ጻፉልኝ።