የቆሰለ ዛፍ መዓዛ

ወገኖቼ፣ «ዑድ» የሚባለውን ሽቶ ታውቁታላችሁ? ዐረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ እንግዳ ሲመጣ ይጨሳል፣ ዘይቱም በትንሽ ብልቃጥ በውድ ዋጋ ይሸጣል።

ዑድ የሚገኘው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች ከሚበቅለው የአኩዊላሪያ ዛፍ ነው። ጤነኛው ዛፍ ግን ያ መዓዛ የለውም፤ እንጨቱ ነጣ ያለና ቀላል ነው። ግንዱ ሲቆስልና ሻጋታ ሲገባበት ዛፉ ራሱን ለመከላከል ጠቆር ያለ ሙጫ ያመነጫል። ሽታው ያለው እዚያ ሙጫ ውስጥ ነው።

እኛ ግን እሑድ ሽቶ ተቀብተን እንመጣለን፤ «እንዴት ነህ?» ስንባል «ጌታ ይመስገን» ብለን ቁስላችንን እንሸፍናለን። ጳውሎስ አማኞች የክርስቶስ መዓዛ እንደሆኑ የጻፈው (2ኛ ቆሮንቶስ 2፥15) በእስያ ስለደረሰበት ከባድ መከራ በግልጽ በተናገረበት በዚያው መልእክት ነው።

ደግሞም እንጠንቀቅ። የቆሰለ ዛፍ ሁሉ ዑድ አይሰጥም። ነጋዴዎች ሙጫውን ፍለጋ ጤነኛውንም ዛፍ እየቆረጡ ደኑን ስላራቆቱት፣ የአንደኛው ዝርያ ንግድ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። እኛም ያዘነውን ሰው «ጌታ ሊያስተምርህ ነው» እያልን ከሐዘኑ ምስክርነት ለማውጣት አንቸኩል። አብረነው እንቀመጥ፤ አብረነው እናልቅስ።

ቁስልህን ደብቀህ የያዝህ ወንድሜ፣ ደብቀሽ የያዝሽ እህቴ፣ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ እንኳ የእጆቹን ምልክት ከቶማስ አልደበቀም (ዮሐንስ 20፥27)። ለእርሱ ማሳየት አያሳፍርም።