የምናየው ተኩስና የሰማነው ተኩስ



ሰሞኑን ለማኅበራችን ከሚደርሱት አስተያየቶች ውስጥ፣ ከውኃና ከመብራት ቀጥሎ የበዛው ስለ ፊልም ነው። እኩሌታው ወላጅ የተኩስ ፊልም ልጆቻችንን አበላሸብን፣ ማኅበሩ ቪዲዮ ቤቶቹን ያስዘጋልን ይላል። ወጣቶቹ ደሞ ፊልም እኮ ነው፣ ታዲያ ምሽቱን በምን እንግፋው ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። ስለዚህ ነገሩን ረጋ ብለን ማየት ይገባናል።

አንደኛ፣ እውነቱን እንነጋገር። ፊልም የሚወደው ወጣቱ ብቻ አይደለም። «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረ ጊዜ፣ አበበ ባልቻ ሆኖ የተጫወተውን አስናቀን ያልረገመ ቤት ነበረ ወይ? ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር የኪነ ጥበብ ሰዎች የአገር ውስጥ ሥራ ይጎዳል ብለው ተቃውመው ነበር። እኛ ግን ቡናውን ቀድመን አፍልተን የቱርኩን «ጥቁር ፍቅር» ስንጠብቅ አመሸን። ኤርቱግሩል ሲመጣማ አባቶችም ሳይቀሩ ተሰልፈዋል። እኛ ስናየው ጨዋታ፣ ልጆች ሲያዩት ጥፋት ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፣ የተኩስ ፊልም ሁሉ አንድ አይደለም። ራምቦን የማያውቅ የለም፤ ቢላዋውንና ግንባሩ ላይ ያሰረውን ጨርቅ ሁሉም ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ግን የሚያወራው ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ መግቢያ ስላጣ ወታደር ነው። በዚያ ፊልም የሚሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከሄሊኮፕተር ወድቆ ነው። መጨረሻው ላይ ራምቦ በቀድሞ አለቃው ፊት ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። በ1985 የመጣው ሁለተኛው ግን ሬሳው በዛና ልቅሶው ተረሳ። ሰው በአፉ የያዘውም ይኸኛውን ነው።

ጆን ዊክን ደሞ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው በመጀመሪያው ፊልም ሰውየው የሚነሳው ቡችላው ስለ ተገደለችበትና መኪናው ስለ ተሰረቀበት ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ 2023 ድረስ አራት ፊልም ሙሉ ሰው ሲጥል ከረመ። ሽማግሌዎቻችን ይህን ሲሰሙ፣ ለመሆኑ በዚያ አገር አበጋር የሚባል የለም ወይ ብለው ይስቃሉ። ነገሩ ያስቃል፤ ግን ቁም ነገር አለበት።

የኤርቱግሩልም ነገር እንደዚሁ ነው። ተከታታዩ ከ2007 እስከ 2011 ዓ.ም. በቱርክ ቴሌቪዥን 150 ክፍል ታይቷል። ስለ ሰውየው በራሱ ዘመን ተጽፎ የተገኘው ግን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ የምናየው አብዛኛው የደራሲ ፈጠራ ነው። ልጆች ፊልሙን ይውደዱት፤ የታሪክ ትምህርት ነው ብለው ግን አይያዙት።

ሦስተኛ፣ የእነዚህ ፊልሞች ትልቁ ውሸት ተኩሱ አይደለም። ትልቁ ውሸት ደም ከፈሰሰ በኋላ ነገሩ ያልቃል ማለታቸው ነው። ጀግናው ደሙን ይመልሳል፣ መብራት ይበራል፣ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በእኛ አገር ደም እንዲህ አያልቅም። የሟች ወንድም አለ፣ የገዳይ አጎት አለ፣ ነገ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። በወሎ አበጋሮች የኖሩት ለዚህ ነው፤ ሁለት ቤተሰብ ደም ሲቃባ በመካከል ገብተው፣ ካሳ አስከፍለው፣ የልጅ ልጅ እንዳይተላለቅ ያስታርቃሉ። ይህን የሚያሳይ ፊልም ብዙ አላየንም። በዕድሜ የገፉት የሚወዱት የህንዱ «ሾላይ» እንኳ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሠራ፣ ታኩር ቤተሰቡን የፈጀበትንና ሁለት እጁን የቆረጠውን ሽፍታ ራሱ እንዲገድል ሆኖ ነበር የተቀረጸው። የህንድ ሳንሱር ግን አልፈቀደም፤ ፖሊስ ደርሶ ሽፍታውን እንዲይዝ ተደርጎ መጨረሻው ተለወጠ። በቀል ደስ ቢልም ከሕግ አይበልጥም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አራተኛው ነው። የከሚሴ ልጅ ተኩስን የተማረው ከፊልም አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በአካባቢያችን ግጭት ተነሣ፤ በ2014 ዓ.ም. ደሞ ጦርነቱ ራሱ ከሚሴ ገባ። ስለዚህ በአንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ተመልካች አለ፤ ጥይት ሲጮህ የሚያጨበጭብና ጥይት ሲጮህ ክው የሚል። ከግድግዳው ወዲያ ደሞ ሦስተኛው አለ። ልጇን የቀበረች እናት የሰው ቤት መትረየስ እየሰማች እንድታድር ማድረግ ነውር ነው። ይህ የፊልም ነገር ሳይሆን የጉርብትና ነገር ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ማኅበራችን ቪዲዮ ቤት የመዝጋት ሥልጣን የለውም። ቢኖረውም አይጠቅምም፤ ልጁ በስልኩ ያየዋል። በበኩላችን የምናሳስበው እነዚህን ነው፦

1. ድምፅ ማጉያ ወደ ውጭ አይዞር። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ድምፁ ከክፍሉ አይውጣ።

2. ትንንሽ ልጆች፣ በተለይ በትምህርት ቀን፣ ለተኩስ ፊልም አይግቡ። ባለቤቶቹ ለአንድ ልጅ ሳንቲም ብላችሁ ጎረቤት አትጡ።

3. የሚታየው ፊልም ምን ዓይነት እንደ ሆነ በር ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍ። ያልፈለገ ይለፈው።

4. ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ከማባረር አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ሲያልቅም አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ ያ ስሙ ሳይነገር የወደቀው ዘበኛ እናት የለችውም ወይ? ልጅ ይህን ማሰብ ከጀመረ ፊልሙ አያበላሸውም።

ወጣቶቻችንም አንድ ነገር አስቡልን። ጥሩ ፊልም የምትሉትን መርጣችሁ ለምን ጥሩ እንደ ሆነ ጻፉና አምጡ፤ እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን። ትርጉም ፊልምም ይሁን የአገር ውስጥ፣ ምርጫው የእናንተ ነው። በአራቱ ነጥቦች ላይ የሚቃወምም የሚደግፍም በሚቀጥለው ስብሰባ ይምጣና ይናገር። ተነጋግሮ ያልተስማማ ሰፈር የለም።

የማኅበሩ ጸሐፊ