ለሁሉም በር አንድ ቁልፍ?



እንደሚታወቀው ሁሉ ማንኛችንም ማታ ሱቃችንን ስንዘጋ በአንድ ጓጉንቸር አንረካም። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ፣ ለመሳቢያው ደግሞ ሌላ እንቆልፋለን፤ ዘበኛም እንጨምርበታለን። ነገር ግን ዛሬ የንግዳችን ግማሽ ያለው ከቆርቆሮው በር ጀርባ ሳይሆን በስልካችን ውስጥ ነው። ደንበኛ ዕቃውን በፌስቡክ ያያል፣ በቴሌግራም ያዛል፣ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም ሒሳቡን በስልክ የሚከፍለው በዝቷል። ደረሰኙና ደብዳቤው በኢሜይል ይመጣል። ታዲያ ለዚህ ሁሉ በር ስንት ቁልፍ አለን? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የብዙዎቻችን አንድ ነው። እሱም የልጃችን ስምና የተወለደበት ዓመት!

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ጉድ እናውጣ። የማኅበራችን ኢሜይል የይለፍ ቃል፣ ማለትም ፓስወርዱ፣ በአንድ ጸሐፊያችን ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር። ጸሐፊያችን ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄዱ፣ የስልክ ቁጥራቸው ተለወጠ፣ ቃሉም ተረሳ። የመዋጮው ዝርዝር እዚያው ተቆልፎ ቀረና ከየቤቱ ደረሰኝ እየለመንን እንደገና ጻፍነው። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ ሣጥን ሳናዘጋጅ ቁልፍ ያስያዝናቸው እኛ ነን።

አንዱን ቃል በየቦታው መጠቀም ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊንክድኢን ከሚባለው የሥራ መገናኛ የተሰረቀ የይለፍ ቃል በ2016 ለሽያጭ ሲወጣ ከ100 ሚሊዮን በላይ አካውንቶችን የሚነካ ሆኖ ተገኘ። ሌባ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲያገኝ የእኛን በር መስበር አያስፈልገውም። ያገኘውን ቁልፍ ይዞ በየበሩ እየዞረ ይሞክራል፣ የገጠመለትን ይገባል። በቃ!

ስለሆነም ፓስወርድ ማኔጀር የሚባለውን፣ እኛ የቁልፍ ሣጥን ብንለው የሚያስማማውን፣ ባለንግድ ሁሉ እንዲጠቀምበት እናሳስባለን። አሠራሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ አካውንት ማንም ሊገምተው የማይችል ረጅምና የተለያየ ቃል ራሱ ይፈጥራል፣ ቆልፎም ያስቀምጣል። እኛ የምናስታውሰው የሣጥኑን ዋና ቃል ብቻ ነው። ቢትዋርደን የሚባለው በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት አለው፤ ኪፓስ ደግሞ ነፃ ከመሆኑም በላይ ያለ ኢንተርኔት በኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። ሠራተኛ ሥራ ሲለቅም እሱ ያውቀው የነበረውን ቁልፍ ብቻ እንለውጣለን እንጂ ሁሉን አንነካም። ሌላም ጥቅም አለው፦ ሌባ እውነተኛውን የሚመስል የውሸት ገጽ ሲከፍትልን ዓይናችን ይታለል ይሆናል፤ ሣጥኑ ግን አድራሻው ስለማይገጥምለት ቃሉን በራሱ አይሞላም።

«ኧረ ሣጥኑ ራሱ ቢሰረቅስ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ላስትፓስ ከሚባለው ድርጅት ሌቦች የደንበኞችን የተቆለፉ ሣጥኖች ቅጂ ወስደዋል። ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጡት ዋና ቃላቸው ደካማ የነበሩት ናቸው። ትምህርቱም ሣጥኑን መተው ሳይሆን ዋናውን ቃል ማጠንከር ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት ተደርድረው ለማስታወስ ይቀላሉ፣ ለመገመት ግን ይከብዳሉ። ዋናው ቃል ከጠፋ ብዙውን ጊዜ ሠሪው ድርጅት እንኳ አይከፍትልንም። ስለዚህ በወረቀት ጽፈን፣ በፖስታ አሽገን የቤቱ ካርታ ከሚቀመጥበት እናኑረው፤ ባለቤታችን ወይም የምናምነው ሰው ቦታውን ይወቅ። የእድር ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳይቀር የምናደርገው ለዚሁ አይደል?

ሣጥኑ የማያድነን ነገርም አለ። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን» ለሚል ሰው በአፋችን ከነገርን ምንም ቁልፍ አይጠቅመንም። የምስጢር ቁጥርም ሆነ በመልእክት የሚመጣ ኮድ ለማንም አይነገርም።

እስቲ በዚህ ሳምንት ከኢሜይላችን እንጀምር፤ ኢሜይሉን የያዘ የሌላውን ሁሉ ቃል ማስለወጥ ይችላልና። ስልክ የሚያውቁ ልጆቻችን ለአባቶችና ለእናቶች ያሳዩ። ዋናው ቃል ሲጻፍ ግን ፊታቸውን ያዙሩ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ሣጥናችንን ዛሬውኑ እናዘጋጅ እንላለን።