ጤናችን፦ አንገትና ሸክሙ

«አንገቴን ያዘኝ» የሚል ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። አንዱ ብርድ መታኝ ይላል። ሌላው በትራሱ ያመካኛል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ያለው ቀን ስንሠራ አንገታችንን በያዝንበት አኳኋን ነው።

የአንድ አዋቂ ሰው ራስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ይህን የሚሸከሙት 7 የአንገት አጥንቶችና በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። (ቀጭኔም ያን ሁሉ አንገት ይዛ አጥንቶቿ 7 ብቻ ናቸው!) ቀና ስንል ራሳችን በአጥንቶቹ ላይ ያርፋል። ስናቀረቅር ግን ወደ ፊት ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ የማጅራት ጡንቻ ጎትቶ ይይዘዋል።

እስቲ አንድ ጣሳ ውሃ ወደ ደረታችሁ አስጠግታችሁ ያዙ። ቀጥሎ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ውሃው አልጨመረም፤ ክንዳችሁ ግን ቶሎ ይዝላል። አንገትም እንዲሁ ነው።

የደከመ ጡንቻ ይጠጥራል። ሕመሙ ወደ ትከሻ ይወርዳል፤ ወደ ራስም ይወጣል። ከማጅራት ተነሥቶ ግንባር ድረስ የሚዘልቅ ራስ ምታት አንዱ መነሻው ይኸው ነው። ደግሞም ወደ ክንድ የሚሄዱት ነርቮች የሚወጡት በአንገት አጥንቶች መካከል ነው። እነርሱ ሲጫኑ ክንድ ይደነዝዛል፣ ጣት ይነዝራል።

ውሃ የምትቀዳዋን ሴት እንመልከት። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። እንስራው ሲጨመር ከዚያም ያልፋል። ሸክሙ ወደ ኋላ እንዳይጥላት ጎንበስ ትላለች። መንገዱን ለማየት ደግሞ አገጯን ታነሣለች። ስለዚህ አንገቷ ከታች ወደ ፊት፣ ከላይ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ዳገቱን ሁሉ እንዲህ ሆና ትወጣለች። ቤት ውስጥ ጎልማሳ ወንድ እያለ ይህ ሸክም ለምን የእሷ ብቻ እንደሚሆን አይገባንም። አህያ ያለው አህያውን ይጫን። የሌለው ሸክሙን ይከፋፈል። ለሁለት ሰው 10 10 ሊትር፣ ለአንድ ሰው 20 ሊትር ከመሆን ይሻላል።

በአረም ጊዜ ትልሙ ጫፍ ስትደርሱ ቀና በሉ። ትከሻችሁን ወደ ኋላ ሳቡ። አገጫችሁን ወደ ጉሮሯችሁ ገባ አድርጋችሁ እስከ 5 ቁጠሩ።

እኛ አንባቢዎችስ? ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግተን ማታ በኩራዝ እናቀረቅራለን። ወረቀቱን ከፍ አድርጉት። ዱካ ላይ ተቀመጡና ጉልበታችሁ ላይ ትራስ ደርቡ። የእጅ ስልክ የያዘም እንደዚሁ ያድርግ።

አንገታችሁን ማንም በኃይል እንዲጠመዝዝ አትፍቀዱ። በአንገት አጥንት ውስጥ ከአንጎል የሚወርደው ሕብለ ሰረሰር ያልፋል። እሱ ከተጎዳ እጅና እግር ሊሽመደመዱ ይችላሉ። ወጌሻው ቢቆጣም ይቆጣ። ከወደቃችሁ በኋላ አንገት ቢያማችሁ፣ ወይም ክንድ ቢዝል፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አንድ ነገር ግን ከድካም ጋር እንዳይምታታባችሁ። ሰውየው ትኩሳት ካለው፣ ራሱን አጥብቆ ካመመው፣ ካስታወከው፣ አገጩንም ወደ ደረቱ ማጠፍ ካቃተው፣ ይህ የአቀማመጥ ነገር አይደለም። ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። በሽታው በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። እሽት አይጠቅመውም። ነገ እናያለን አትበሉ። ሌሊትም ቢሆን ተሸክማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።