በልጃችሁ እርምጃ ልክ

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ ኦቲዝም ያለበት ልጃችሁ መንገድ ላይ ጥሏችሁ ይሄዳል? ወይስ ብትጠሩት፣ ብትለምኑት ወደ ኋላ ይቀራል? በዚህ የተነሳ «አንተ አሞላቀቅከው»፣ «አንቺ አልቆጣ ብለሽ ነው» ተባብላችሁ ይሆናል። አለመታዘዝ ነው ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ይህን አስተውሉ።

ከሰው ጋር ጎን ለጎን ስንሄድ ሳናስበው እርምጃችንን ከባልንጀራችን ጋር እናስተካክላለን። ኦቲዝም ላለበት ሰው ይህ ብዙ ጊዜ በራሱ የሚመጣ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያም ያልተለመደ አረማመድንና በእግር ጣት መሄድን ከኦቲዝም ጋር አብረው ከሚታዩት ይቆጥራል። አንዳንዱ ሚዛኑን ለመጠበቅ ቀስ ይላል፤ ሌላው ከመኪና ክላክስና ከገበያ ጫጫታ ለማምለጥ ይፈጥናል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከቤት ሳትወጡ በየት እንደምትሄዱ ንገሩት። «ቀስ በል» ከማለት «ሱቁ ጋ ስትደርስ ቁም» ማለት ይሻላል፤ የት እንደሚቆም ያውቃል። ጸጥ ያለ መንገድ ካለ፣ ቢረዝምም እርሱን ምረጡ። መኪና በሚበዛበት ግን እጁን አትልቀቁ። ሁልጊዜ በእግር ጣቱ የሚሄድ ከሆነ ሐኪም ይየው።

ያዕቆብ ኤሳውን አስቀድሞ፣ እርሱ በልጆቹ እርምጃ ልክ መሄድን መርጦ ነበር (ዘፍ. 33)። እናንተም አንዳችሁ ቅደሙ፣ አንዳችሁ ከልጁ ጋር ሂዱ፤ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ተለዋወጡ። ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።